ስም ማስገባት

ካሜራው ምንም አልሆነም። ይህን ስንት ሰው እንደ ምሥራች ነገረኝ። ታላቅ ወንድሜ ከቦምቤ ሲመለስ የተሳፈረበት ሞተር ተገለበጠ። እሱ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ካሜራው ግን ቦርሳው ውስጥ እንዳለ፣ ጭረት እንኳ ሳይነካው ቤት ገባ። ለቅሶ የመጡ ሰዎች ቦርሳውን እያዩ «እንኳን ይህ ተረፈ» ይሉኝ ነበር። እንኳን! ድንኳን ውስጥ ሰው አይሰደብም።

ወንድሜ ሶዶ ውስጥ ሰርግና ምርቃት እየቀረጸ ነበር የሚኖረው። እኛም በሱ ነበር የምንኖረው፣ እናቴና እኔ። በትርፍ ጊዜው ደግሞ የራሱን ፊልም ሠራ። ከተበላ ከተማ ወደ ሶዶ የሚመላለስ የሚኒባስ ረዳት ታሪክ ነው። ረዳቱ መኪናው እንዲሞላለት ሲል ያየውን ሰው ሁሉ «አጎቴ»፣ «አክስቴ» እያለ ይጠራል። ቀስ በቀስ የሁሉም ዘመድ ይሆናል። ከዚያ ሰርግ ሲሆን ይጠሩታል፣ ለቅሶ ሲሆን ይጠሩታል፣ ጣሪያ ሲያለብሱ ይጠሩታል፣ መሥራት ያቅተዋል።

የሚያስቅ ፊልም ነው። ይህን አሁኑኑ መናገር አለብኝ። የተናደድኩት በሌላ በምንም አይደለም። የሚያስቅ ፊልም ነው።

ሲሞት ፊልሙ አልቆ ነበር። የቀረው ስም ማስገባት ብቻ ነው። እኛ ጋ ፊልም የሚሠሩ ልጆች መጀመሪያ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ እንዲያ ነው የሚሉት። «ስም ገባ?» «ስም ቀርቶታል» ይባባላሉ። ወንድሜ ስሙን ሆን ብሎ ነበር ያቆየው። «በር የሚገጠመው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው» ይል ነበር። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ጥቁር ቦታ ትቷል። ምስል የለም። የሚሰማው የረዳት ጥሪ ብቻ ነው፦ «ሶዶ! ሶዶ! ሶዶ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!» በዚያ ጥቁር ላይ ምን ሊያደርግ እንደነበር ለማንም አልነገረም። ለእኔም።

ለፊልሙ ወጪ ያወጡት ሰው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። አያታቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ደግ ሰው ናቸው፣ ይህን አልክድም። ቀብሩ ላይ እንደ ልጅ አልቅሰዋል። ከሐዘን በወጣን ሰሞን ሱቃቸው አስጠሩኝና በስልካቸው አንድ ነገር አሳዩኝ። ሐዋሳ ለሰው ከፍለው ያሠሩት ስም ነው።

የወርቅ ፊደል ከእሳት ውስጥ እየተሽከረከረ ይወጣል። መጀመሪያ የሳቸው ስም፣ ስክሪኑን ሞልቶ። ከዚያ ተዋንያኑ። ከዚያ ሙዚቃው ይለወጥና የወንድሜ ፎቶ ይመጣል። ከጎኑ ሻማ ይነድዳል። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ይላል። ከዚያ ፊልሙ ይጀምራል።

«እንዴት አየኸው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ፊልሙ እኮ ኮሜዲ ነው።»

«መች አጣሁት?»

«ሻማ አለው።»

«ታዲያ! ወንድምህን ሳናስብ ጥርሳችንን ልናሳይ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሌላ ይሠራ።»

«ማን ይሠራዋል?»

«እኔ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። ኮምፒዩተሩን ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር የማውቀው አልነበረም።

ሚስማር እየመዘኑ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ አሥራ ሁለተኛን በስንት መከራ ነው የጨረስከው። አርፈህ ፈተናህን ድገም፣ ተማር።» ሚስማሩን ለገዢው ሰጡና ግን ጨመሩ፦ «እስከ ጊፋታ ካመጣህ እናየዋለን።» ጊፋታ የዘመን መለወጫችን ነው። ፊልሙ በዚያ ሳምንት አዳራሽ ሊታይ ነበር።

ኢንተርኔት ሁሉን ያውቃል የሚሉ ሰዎች በአማርኛ ፈልገው አያውቁም። «ፊልም ላይ ስም ማስገባት» ብዬ ጻፍኩ። ማልያ ላይ ስም እንዴት እንደሚታተም አመጣልኝ። መታወቂያ ላይ ስም እንዴት እንደሚስተካከል አመጣልኝ። አንድ ሰባኪ ደግሞ ስሜ በሕይወት መዝገብ መጻፉን እርግጠኛ እንደሆንኩ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ። ስልኩን ፍራሽ ላይ ወረወርኩት።

ወንድሜ ስቱዲዮውን ይጋራው የነበረው ፎቶ አንሺ ሳቀብኝ። «ስም ስትለው መታወቂያ የጠፋብህ መስሎት ነው። ታይትል ሲኩዌንስ በለው።»

አልኩት። ያኔ ሌላ ዓለም ተከፈተ። የፊልም መግቢያ ብቻ የሚሰበስቡ ድረ ገጾች አሉ። መግቢያውን በየምስሉ ቆራርጠው ይደረድሩታል። የሠራውን ሰው ቁጭ አድርገው፣ ይህን ቀለም ለምን መረጥህ፣ ይህን ፊደል ከየት አመጣህ እያሉ ይጠይቁታል። ሰው በዚህ ሥራ ብቻ ይኖራል! ወንድሜ ይህን ያውቅ ነበር? አብረን ፊልም ስናይ መግቢያውን እንዳሳልፍ አይፈቅድልኝም ነበር። «ንካውና እጅህን» ይለኛል። እኔ ታሪኩ እስኪጀምር እቸኩላለሁ፣ እሱ ዓይኑን አይነቅልም። አሁን ልጠይቀው የምፈልገው ነገር በየገጹ ይበዛል፤ የምጠይቀው ግን የለም። ለማያውቀኝ ፈረንጅ ሁሉ ጥያቄ እየተመለሰለት ለእኔ የሚመልስ የለም።

እንግሊዝኛዬ የማትሪክ እንግሊዝኛ ነው። ስልኬ ይተረጉምልኝ ጀመር። እሱም የራሱ ጉድ አለው። እንግሊዝኛው «ክሬዲት» ስለሚለው የባለሙያዎቹን ስም ማውጣት በሙሉ «ብድር» ይለዋል። «የመክፈቻ ብድር አጭር ይሁን።» «የዳይሬክተሩ ብድር ሁልጊዜ መጨረሻ፣ ታሪኩ ሊጀምር ሲል ይመጣል።» ፎቶ አንሺውን ወንድሜ ብድር ነበረበት ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ነገሩን ሲያይ ወንበሩ ላይ ተንከባለለ። ቃሉ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ብድር እኛ ጋ የብር ብቻ አይደለም። መልካም ያደረገልህም ክፉ ያደረገብህም ብድር አለው፣ ይመለሳል። እስካሁን ብድር ነው የምለው።

ቤታችን ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ አንድ ሆቴል አጥር ሥር ቆሜ ነበር የማየው። አንድ ቪዲዮ ይጀምራል፣ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፣ መብራት ይሄዳል። እንደገና። አንዱ አስተማሪ በፈገግታ «ቀላል ነው፣ በአንድ ከሰዓት ይጠናቀቃል» ይላል። የት አገር ከሰዓት? የሆቴሉ ዘበኛ በየቀኑ ያየኛል።

«አንተዬ፣ ግንቡን ደግፈህ ነው ወይስ ግንቡ ደግፎህ?»

«ኔትወርክ ነው አባባ።»

«ኔትወርኩ ውስጥ ነው ያለው። ገብተህ ሻይ እዘዝ። ውጭ የሚፈሰው ትርፍራፊው ነው።»

በትርፍራፊው ነው የተማርኩት። የተማርኩትም ይህን ነው። መግቢያ ማለት ሰውን እንዴት ማየት እንዳለበት የሚነግር ነገር ነው። አንድ ቃል ሳይወጣ፣ ልትስቅ ነው፣ ልትፈራ ነው፣ ልታዝን ነው ይለዋል። ተመልካቹም ያንን ይዞ ይቀመጣል። ሌላም ተማርኩ። ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ሊነበብ የሚችልበትን ያህል መቆየት አለበት። ይህን ሳነብ የጋሼ ሻማ ታየኝ። አጥሩን በጡጫ መታሁት። ዘበኛው «ኧረ ቀስ! የሰው ግንብ ነው!» አለ።

ብዙዎቹ ድረ ገጾች በነፃ የሚወርድ ናሙና ይሰጣሉ፤ ስም ብቻ ሞልተህ የምትጠቀምበት። አንዱን አወረድኩ። የወንድሜን ስም ጻፍኩ። ሳጥን ሆኖ ወጣ። እያንዳንዱ ፊደል ባዶ ሳጥን። አጠፋሁና ደግሜ ጻፍኩ። ሳጥን። በየፊደሉ አንድ አንድ ሳጥን፣ ተሰልፈው። አንዱን ሳጥን ተሸክመን አፈር ውስጥ አድርገነው መጥተናል፤ ይህ ማሽን ደግሞ በስሙ ልክ ይደረድርልኛል። ኪቦርዱን ገለበጥኩት።

ፎቶ አንሺው ኪቦርዱን አንስቶ አቧራውን አራገፈ። «ፎንቱ የኛን ፊደል አያውቅም እኮ ነው። በሱ ላይ ምን ያናድዳል?» ፎንቱን ለወጠልኝ። ፊደሉ መጣ። ሲንቀሳቀስ ግን ተበታተነ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ የማን ስም እንደሆነ የማይለይ ሆነ። ተውኩት።

በዚያው ሰሞን የጋሼን ቪዲዮ ለእናቴ አሳየኋት። እናቴ ማንበብ የተማረችው ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን በሚሰጥ የጎልማሶች ትምህርት። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፣ ወንዱና ሴቱ ይቀላቀልባታል፤ ቤት የምናወራው በወላይትኛ ነው። ስታነብ ጣቷን ከእያንዳንዱ ፊደል ሥር ታደርጋለች። ቪዲዮውን አቆምኩላት። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ጣቷ ወረደ።

«ነ፣ ፍ፣ ስ። ይ፣ ማ፣ ር።» ቀና አለች። «ማን ነች የሚማረው?»

በጽሑፍ ሁለቱም ይማር አንድ ናቸው። ሲላላ ምሕረት ነው፣ ሲጠብቅ ትምህርት ነው። እናቴ አጥብቃ አነበበችው።

«ነፍስ ትምህርት ቤት ትገባለች እንዴ? ሞቶም ተማር ይሉታል? እሱ ዲፕሎማ አላት!»

«እማ፣ እንደዚያ አይደለም። እግዚአብሔር ይማረው ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን ለቅሶ ላይ የሚሉት።»

ይህን ስነግራት ባሰባት። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ለሞተ አይጸልይም። ሰው ከሄደ በኋላ የሚለመንለት ነገር የለም ብለን ነው የምናምነው። «ነፍሱ ጌታ ጋር ነው» አለች። «አልተማረም ብለው ነው የሚለምኑለት? ሰው ሁሉ ፊት?» ጋሼ ክፉ አላሰቡም፤ በሳቸው ቤት ይህን አለማለት ነው ነውር። ግን በየግቢያችን ስንል የኖርነው ነገር ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ ሲጻፍ ሌላ ነው። ስልኩን መለሰችልኝና «ይልቅ አንተ ተማር» አለች። ይህን ቃል ከእንግዲህ ማንም እንዲለኝ አልፈልግም ነበር።

መናኸሪያ የሄድኩት ተናድጄ ለመዞር ነው። ከተበላ የመጣ ሚኒባስ ቆሞ ነበር፣ አቧራ ለብሶ። የኋላ መስታወቱ ላይ አንዱ በጣቱ «እጠቡኝ» ብሎ ጽፏል። ቆሜ አየሁት። ካነበብኳቸው መካከል አንድ የመግቢያ ሠሪ ነበር፤ ስሞቹን በእጁ ወረቀት ላይ ጭሮ በካሜራ ያነሳ። ሳጥን የማያወጣ ፎንት እዚህ ጣቴ ላይ አለ።

ቤት ሄጄ የካሜራውን ቦርሳ ከፈትኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም አልከፈተውም ነበር። እንዲህ ደህና ሆኖ ሳየው ድንጋይ ላይ ልከሰክሰው ፈልጌ ነበር። ይዤው ወጣሁ።

ከየአቅጣጫው የሚገቡትን ሚኒባሶች እየጠበቅኩ መስታወታቸው ላይ ስም እጽፍ ጀመር። የተዋንያኑን፣ የጋሼን፣ ሁሉንም በእኩል መጠን። ከኋላዬ ረዳቶች ተሰበሰቡ።

«ምንድነው፣ ክስ ነው የምትጽፈው?»

«ትራፊክ ሆኗል፣ በጣት ነው የሚቀጣው!»

«የኔንም ጻፍ፣ ወንድም!»

«ፊልሙ ውስጥ አለህ?» አልኩት በንዴት።

«ድምፄ አለ» አለ። ቀጭን፣ ጉሮሮው የሻከረ ልጅ ነው። «አንድ ካሜራ የያዘ ሰውዬ ሶዶ ሶዶ በል ብሎ ቀድቶኛል። ደግመህ በል፣ ደግመህ በል እያለ ጉሮሮዬን ጨረሰው። የት ሄደ?»

ነገርኩት። ሳቃቸውን አቆሙ። ልጁ ወደ ሚኒባሱ አየ። መስታወቱ ላይ የወንድሜን ስም ጽፌ ነበር፣ የመጨረሻውን ብድር። «ይህ የሱ ነው?» አለ። «ሾፌሩን ዛሬ እንዳያሳጥብ እነግረዋለሁ።» ከዚያ በሩ ላይ ተንጠለጠለና ሳልጠይቀው እንደገና ጮኸ፦ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ የወንድሜን ስም ይዞ ከመናኸሪያው ወጣ። ያንን ቀረጽኩ።

ከጥቁሩና ከጥሪው ጋር ገጣጥሜ ለጋሼ ወሰድኩ። አዩት።

«አቧራ?» አሉ። «ሰው ሞቶብን አፈር ታሳየኛለህ? ወርቁን ትቼ?»

«ጋሼ፣ የሁሉም ስም በአቧራ ነው።»

«ሻማው አይቀርም። ረሳው እንዲሉኝ ትፈልጋለህ?» አልሰሙኝም። ተመልሼ ወጣሁ።

በጊፋታ ሳምንት አዳራሹ ሞላ። እናቴ አልመጣችም፤ «ያ ጽሑፍ ካለ አላይም» ብላ ቀረች። እሳቱ ነደደ፣ ወርቁ ተሽከረከረ። ፎቶው ሲመጣ ከፊት አንድ ሰው ተነሥቶ «ለአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት!» አለ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። አንገት ሁሉ ተደፋ።

ፊልም ግን አይጠብቅም። ፎቶው አለፈ። ረዳቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሊቀጣው የመጣውን ፖሊስ «አጎቴ! እንዴት ጠፋህ?» ብሎ ያቀፈበት ቦታ አለ። ወንድሜ ለዚያች ማቀፍ ስንት ጊዜ አስደገማቸው! ማንም አላየም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት እያየ ቆሟል። ሲቀመጡም ፖሊሱ ለምን ሚኒባስ ውስጥ እንደተቀመጠ አልገባቸውም። ከአጠገቤ ያለች ሴት ተዋናዩ የዶሮ ቅርጫት ላይ ሲወድቅ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም። እስከ መጨረሻው አንድ ሰው።

ጋሼን በሩ ላይ ጠበቅኋቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ግን አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ደግማችሁ ቀበራችሁት» አልኩ።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው አሹት። «እኔም አልሳቅሁም» አሉ። «ሲቀረጽ ሆዴን ይዤ የሳቅሁበት ቦታ ላይ።» ሰው እየወጣ ያጽናዎት ይላቸዋል። ሰው ወጥቶ ሲያልቅ «ያንን አቧራህን ነገ አምጣው» አሉ። «ሻማው መጨረሻ ይግባ። እሱን አትከልክለኝ።»

«ነፍስ ይማር የሚለውስ?»

«እሱ ደግሞ ምን አደረገህ?»

እናቴ እንዴት እንዳነበበችው ነገርኳቸው። «ዲፕሎማ አላት?» አሉና ሳቃቸው ሳያስቡት አመለጠ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ስሙ ብቻ ይግባ» አሉ።

በማግስቱ ፊልሙ ያለዚያ ጽሑፍ እንደገና ሲታይ እናቴን ይዣት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን በቀር አዳራሽ ገብታ አታውቅም። ጨለማ ሆነ። «ሶዶ! ሶዶ! አንድ ሰው!» ሲል አዳራሹ ተንሾካሾከ። የመጀመሪያው መስታወት ሲመጣ ከኋላ አንዱ «እጠቡት!» አለና እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ። እናቴ ጣቷን አየር ላይ ዘርግታ እያንዳንዱን ስም ድምፅ አውጥታ ታነባለች። አንዱንም አትጨርስም፤ ያልፋታል፣ ቀጣዩን ትጀምራለች።

የወንድሜ ስም መጣ። የመጀመሪያውን ፊደል አለች። ሁለተኛውን አለች። ሚኒባሱ ተንቀሳቀሰ።

እናቴ ብድግ አለች። «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ከዚያ በኋላ አልቆመም፤ ፖሊሱ ሲታቀፍ ሰው ወንበር ይመታ ነበር። ወንድሜ የፈለገው ሳቅ ነው። እናቴ ግን አልቀለደችም። እኔ ብቻ ነኝ ያየኋት። ሚኒባስ ሲሄድብህ ለማስቆም የምታውቀው ቃል ይህ ነው፤ እሱን ነው ያለችው። «አልጨረስኩም» አለችኝ በወላይትኛ፣ እጄን ይዛ። «ስሙን አልጨረስኩም።»

ፊልሙ ቀጥሎ ቦዲቲ ሊታይ ነበር። ወደ ስቱዲዮው ሄጄ ያንን ቀረጻ ከፈትኩ። ሚኒባሱ ሳይነሣ ቆሞ የሚታይበትን፣ የቆረጥኩትን፣ መለስኩ። ፎቶ አንሺው ከጀርባዬ አየ።

«ረዘመ። ሰው ይሰለቻል። ሁለት ጊዜ የሚነበብ ያህል ነው ያልከኝ።»

«በማን ንባብ?» አልኩት። ጮኼበት ነበር። እሱ ምንም አላደረገኝም፤ ያ ሁሉ ገጽ ያንን ሁሉ አስተምሮኝ በማን ንባብ እንደሆነ አልጻፈም። ቦምቤ መንገድ ላይ አንድ ነገር ማስቆም የሚችል ሰው አልነበረም። እኔ አሁን ማስቆም የምችለው ይህን አንድ ሚኒባስ ነው። አቆምኩት።

እናቴን አምጥቼ ኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጥኳት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች፤ መስታወቱ ላይ ምልክቱ ቀረ። የስሙን ፊደላት አንድ በአንድ አነበበች። የአባቱን ስም አነበበች። ከዚያ ጠቅላላውን አንድ ላይ፣ ሳትቆራርጥ፣ ከደጅ እንደምትጠራው አድርጋ አለችው።

ጣቷን አነሣች።

«አሁን ትሂድ» አለች።

መኪናዋን ይሁን እሱን አላወቅሁም። በእናቴ አማርኛ አይለይም።